የሚኔሩል በረኛ

ቫሌያ ሳራታ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2004

ይድረስ ለአቶ ጋቭሪል ቦሽካ፣ ሱሊና፣ ሁለተኛ መንገድ

ይህ ወረቀት በደህና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ካርድዎ ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ማስታወሻ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ስልክልዎ ስሜን በወጉ አለመጻፌ ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ። ስለዚህ ማን እንደሆንኩ፣ አድራሻዎን ከማን እንዳገኘሁና ምን ፈልጌ እንደምጽፍ በተራ ልመልስልዎ።

ሳቪና ሁዴያ ነኝ፤ የአሰልጣኙ የፓቬል ሁዴያ ልጅ። እሁድ እሁድ ቤታችን ምሳ ሲበሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የምታነብ ልጅ ነበረች፤ እሷ ነኝ። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በዚሁ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አድራሻዎን የሰጠኝ ቲቲ ነው፤ የማልያና የጫማ ጠባቂያችን። ሰባ ስምንት ሞልቶት አሁንም ማልያ ያጥባል። በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ካርድ እንደሚልኩለት እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

የምፈልገው ይህን ነው። የእግር ኳስ ክለባችን ሚኔሩል በዚህ ዓመት ሰባ ዓመት ይሞላዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የክለቡን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሲያፈላልግ፣ የአባቴ ደብተሮች እኔ ዘንድ ስለሆኑ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ከአንዲት ቀን በስተቀር ሁሉንም ጨርሻለሁ። በ1934 ጨው ቆፋሪዎቹ ከዱቄት ከረጢት ማልያ ሰፍተው በዛፍ ልጣጭ ቀለም መንከራቸውን፣ በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ ሁሉ ገላቸው ላይ ወርዶ የገጠሟቸው ሰዎች በሳቅ መጫወት እንዳቃታቸው ጽፌአለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ሜዳው የፈረስ ማሰሪያ መሆኑን፣ የክለቡ ስም አራት ጊዜ መለወጡን፣ በ1958 በበረዶ ላይ ከዋና ከተማ የመጣውን ክለብ ሁለት ለአንድ ማሸነፋችንን፣ የእንግዶቹ አሰልጣኝ ጥሎት የሄደው ኮፍያም እስከ ዛሬ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ መኖሩን ጽፌአለሁ።

የቀረኝ ጁን 20 ቀን 1971 ነው። ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ለማለፍ እኩል መውጣት ይበቃን ነበር። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ገባብን። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ደረጃ ተጠግተን አናውቅም፤ ዛሬ ያለነው አራተኛው ላይ ነው፤ ማዕድኑም ሊዘጋ ነው። በዚያ ቀን ሜዳ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያሉት ሁሉ የየራሳቸውን ነግረውኛል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብጠይቅ ደግ አይሆንም። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሜዳው በስሙ ይሰየማል።

አክባሪዎ ሳቪና ሁዴያ


ሱሊና፣ ማርች 1 ቀን 2004

ለመምህርት ሳቪና

ዘገየሁብሽ። ወንዙ በረዶ ይዞ መርከቡ አሥራ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መንገድ የለም። አንቺ ማለቴን ታገሺኝ። እርስዎ ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ያቺ አፍንጫዋን መጽሐፍ ውስጥ የቀበረች ልጅ ፊቴ ላይ እየመጣች አላስጽፍ አለችኝ።

የአባትሽን ማረፍ ቲቲ በጊዜው ነግሮኝ ነበር። ነፍሱን ይማረው። ለቀብሩ አለመምጣቴን አስተውለሽ ከሆነ አልወቅስሽም።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽው የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ስህተት አለ። እኔ ክለቡ የገባሁት በ1964 ነው እንጂ በ65 አይደለም። ከወታደር ቤት ወጥቼ መሄጃ አልነበረኝም፤ ያደግሁት ማሳደጊያ ውስጥ ስለሆነ የሚጠብቀኝ ቤት የለም። አባትሽ ባቡር ጣቢያው ላይ አገኘኝ። እጆቼን አይቶ «ኳስ ትይዛለህ?» አለኝ። ሳልይዝ «እይዛለሁ» አልኩት። በዚያው ቀን የእናትሽን የባቄላ ሾርባ በላሁ። የ1967ቱ የቀኝ ተከላካይም ኢላሪዬ ነው፤ አንቺ የጻፍሽው ወንድሙን ነው። ወንድሙ ኳስ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነበር።

አሁን ምን እንደምሠራ ባትጠይቂኝም፣ ወደቡ ላይ መርከብ አስራለሁ፣ እፈታለሁ። ገመድ ነው ሥራዬ። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ።

ስለ 71 «አንድ ለዜሮ ተሸነፍን» ብለሽ እለፊው። የቀሩት ስልሳ ዘጠኝ ዓመታት መጽሐፉን ይሞሉልሻል።

ጋቭሪል


ቫሌያ ሳራታ፣ ማርች 25 ቀን 2004

ውድ ጋሽ ጋቭሪል

እርስዎ አንቺ ካሉኝ እኔም ጋሼ ልበልዎ። ከደብዳቤው በኋላ በመርከብ ሠራተኛ እጅ የላኳት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። ስምዎ በከተማው አሁንም መሳለቂያ እንደሆነና እናቴ ደህና መሆኗን ጠይቀው እውነቱን እንድመልስልዎ ስላሉ እመልሳለሁ።

አዎ፣ አሁንም ይባላል። ገበያ ውስጥ ዕቃ ከእጁ ያመለጠው ሰው «ቦሽካ ሆንክ እንዴ?» ይባላል። ሙሽራ ቀለበት ሲጥል ይባላል። ቃሉ የሰው ስም መሆኑን የማያውቁ አሉ። አንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤታችን መምህር በስብሰባ ላይ «ይህን ዕድል እንዳንቦሽክ» ሲል ሰምቼ፣ ማን እንደሆኑ ልነግረው ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ይህንንም መንገር ያለብኝ ይመስለኛል።

እናቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ቀደም ብዬ ያልጻፍኩት ሳይጠይቁኝ ላስደነግጥዎ ስላልፈለግሁ ነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስምዎ ተጠርቶ አያውቅም። አባቴ ከልክሎ ነበር። እናቴ ግን ሰው በሌለበት «ያ ልጅ» ትል ነበር፤ ማንን ማለቷ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። አባቴ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጨዋታ ሳይመዘግብ አላለፈም። አየሩን፣ አሰላለፉን፣ ማን ጥርሱን አሞት እንደነበር ሁሉ ይጽፋል። የጁን 20 ገጽ ግን የለም። አልተቀደደም፤ በምላጭ ተጠንቅቆ ተቆርጧል። በቀጣዩ ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋ.ቦ. ሄደ።»

ያ ገጽ ምን ይዞ ነበር ይላሉ?

ሳቪና


ሱሊና፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2004

ሳቪና

የእናትሽን ነገር አንብቤ ወደቡ ላይ ወጥቼ ቆየሁ። ፋሲካም ስለነበር ለእርሷ ሻማ አብርቼላታለሁ፤ እዚህ ባለቤቴ ኤፊሚያ በምትሄድበት፣ ሊፖቫን በሚባሉት የሩስያ ተወላጆች ቤተ ክርስቲያን ነው ያበራሁት። እናትሽ ቅር የምትሰኝ አይመስለኝም።

ስለ ገጹ የጠየቅሽኝን አልመልስም። ቅር አይበልሽ። አሰልጣኝ ገጽ የሚቆርጠው ሊያየው ስላልፈለገ ነው፤ እኛም አንየው።

ከኤፊሚያ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖረናል። በረኛ እንደነበርኩ አታውቅም። የተጣመሙ ጣቶቼን ስታይ ገመድ የሰበራቸው ይመስላታል፤ ክረምት ክረምት የዓሣ ስብ ትቀባልኛለች። እዚህ ኳስ በቴሌቪዥን ሲታይ ሰዎቹ «ጋቭሪል፣ አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ?» ይሉኛል። «ምንም» እላለሁ። ደህና ኑሮ ነው። እባክሽ አትነካኪብኝ።

የአባትሽን ስም ሜዳው በር ላይ ስቀሉት። ይገባዋል። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ጋቭሪል


ቫሌያ ሳራታ፣ ሜይ 9 ቀን 2004

ውድ ጋሽ ጋቭሪል

እንዳልነካካ ለምነውኝ ስለምነካካ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የልመናዎን ደብዳቤ ሳልመልስ ሦስት ሳምንት የቆየሁትም ላቆም ሞክሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቲቲ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። ለእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ገጹ በምላጭ ተቆርጧል ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ግን ተናገረ። በዚያ ቀን በእረፍት ሰዓት ከመታጠቢያው ጀርባ ተጎንብሶ የጫማ ጭቃ ሲፍቅ አባቴና እርስዎ እንደመጡ፣ እርሱን እንዳላያችሁት ነገረኝ። የሰማውን ቃል በቃል ልጻፍልዎ። አባቴ «አንዲት ብቻ፤ አንዲት ኳስ፣ ጋቭሪል። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም» ብሎ ነበር።

ቲቲ ይህን ለሰላሳ ሦስት ዓመት ያልተናገረው አባቴን ስለሚወድ ነው። እርስዎንም ስለሚወድ ካርዱን በየዓመቱ ይጠብቅ ነበር። «ሁለቱን አንድ ላይ መውደድ አድካሚ ነው» አለኝ።

መጽሐፉን ሳይሆን እኔን ይመልሱልኝ። አባቴ እንዲያስገቡበት ጠይቆዎት ነበር?

ሳቪና


ሱሊና፣ ሜይ 30 ቀን 2004

ሳቪና

ቲቲ ጆሮው እንዲህ ደህና መሆኑን ባውቅ ኖሮ ስንት ነገር ባልተናገርኩ።

እሺ። ጠይቆኛል።

ከጨዋታው በፊት ባለው ዓርብ ከአውራጃው ዋና ከተማ አንድ ሰው መጣ። ስሙን አላውቅም፤ ቡናማ ካፖርት በጁን ለብሶ ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ። ተጋጣሚያችን የእነሱ ከተማ ቡድን ነበር፤ ማለፍ ያለበትም እሱ ነው ተብሎ ተወስኗል። ከአባትሽ ጋር ማዕድኑ ቢሮ ውስጥ ተዘግተው ዋሉ። አባትሽ ሁለት ቀን ለማንም አልተናገረም። እሁድ ዕለት በእረፍት ሰዓት፣ ዜሮ ለዜሮ ሆነን፣ ከመታጠቢያው ጀርባ ወሰደኝ። ፊቱ የታማሚ ነበር። ካሸነፍን ወይም እኩል ከወጣን አንድ ሰው እንደሚጎዳ ነገረኝ። ያ ሰው ከቡድኑ ውስጥ አይደለም። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ለእናትሽም አልነገራትም።

ለምን እኔን እንደመረጠ ብትጠይቂኝ፣ በረኛ ነኝ፤ ሌላ ማንን ይጠይቅ? ደግሞም እምቢ እንደማልለው ያውቃል። እምቢ አላልኩትም። «እሺ፣ ጋሽ ፓቬል» አልኩት። የቀረውን መላው ከተማ አይቷል።

የሚቆጨኝ ጨዋታው አይደለም። ሰኞ ጠዋት በማዕድኑ በር ላይ ሠራተኛው ተሰብስቦ ነበር። ኢላሪዬ ኮሌታዬን ይዞ «ስንት ሰጡህ? ንገረን፣ እኛም እናዋጣልህ ነበር» አለኝ። ሰው ሳቀ። አንዱ ተፋብኝ። አባትሽ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። «ተዉት» ቢል በቂ ነበር። አንዲት ቃል። ጫማውን ያይ ነበር።

ረቡዕ ዕለት በባቡር ወጣሁ። መሬቱ እስኪያልቅ ሄድኩ፤ ያለቀው እዚህ ነው።

ነገርኩሽ እንግዲህ። ለራስሽ እንጂ ለመጽሐፉ አይደለም።

ጋቭሪል


ቫሌያ ሳራታ፣ ጁላይ 4 ቀን 2004

ውድ ጋሽ ጋቭሪል

በመጨረሻው መስመር ያሉትን አላከበርኩም። ያደረግሁትን ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ሊጎዳ የነበረው ያ ሰው እኔ ነኝ። እርስዎ ስላልነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። በ1971 የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የእናቴ አባት ወፍጮ ነበረው፤ በዚያ ሥርዓት የባለሀብት የልጅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ነበርና በማመልከቻዬ ላይ «ገበሬ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። በሜይ የትምህርት ክፍሉ ቢሮ ጠርተውኝ የአያቴን ነገር ጠየቁኝ። በጁን መጨረሻ ተመለሺ ተባልኩ። እንደምባረር አምኜ ዕቃዬን ሸክፌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፋይሌን ከፈተች፣ ዘጋች፤ «ሂጂና ትምህርትሽን ቀጥዪ» አለችኝ። ይኸው ነው። ሰላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ አዝናልኝ ነበር የሚመስለኝ።

ምዕራፉን በሁለት ቀን ጻፍኩት። ወደ ከንቲባው ይዤ ሄድኩ። አነበበውና መነጽሩን አውልቆ «ወይዘሮ ሳቪና፣ ሰው የአባቱን ስም ከፍ ለማድረግ ይለፋል፤ አንቺ ምን ነካሽ?» አለኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን አያሳትምም አለ። የስም ሰሌዳው ተሠርቶ መጥቷል፤ ምን ላድርገው አለኝ። የፈለግኸውን አድርገው፣ አባቴ ግን ሜዳው በር ላይ አይሰቀልም አልኩት። አሁን ዕቃ ቤት ነው ያለው።

መጽሐፉን በራሴ ወጪ ሁለት መቶ ቅጂ አሳተምኩ። ጁን 20 በባህል አዳራሹ ሰው ጠርቼ ያን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስልሳ ያህል ሰው መጥቶ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ኢላሪዬ ተነሣ። አሁን መጠጥ ቤቱን የያዘው እርሱ ነው። «እና እኔ ሰላሳ ሦስት ዓመት የሰደብኩትን ሰው አሁን ምን ላድርገው? ስድቡን በፖስታ ልመልስለት?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ቆሞ ቀረና ወጥቶ ሄደ። ያላመኑኝም አሉ፤ አባቷን ለመስደብ የደፈረች ብለው ሰላምታ የነሱኝ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ። ያም ልክ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋሉ።

እኔ የአባቴን ፍቅር አልተጠራጠርኩም። የተማርኩት እርስዎ በከፈሉት ዋጋ መሆኑን ግን ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ገጽ ሰማንያ አንድን ይመልከቱ። እዚያ ላይ ስለ እርስዎ የተጻፈውን ለወይዘሮ ኤፊሚያ ቢያነቡላት ደስ ይለኛል።

ሳቪና


ሱሊና፣ ኦገስት 1 ቀን 2004

ሳቪና

መጽሐፉ ደረሰኝ። ሽፋኑ ያምራል። ለኤፊሚያ አነበብኩላት። ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ ስደርስ አለቀሰች፤ ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያየች «እና የትኛው ነው በኳስ የተሰበረው?» አለችኝ። አሳየኋት። ቀጥላ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ አለች። አልቻልኩም። አንቺ «ለአሰልጣኙ ልጅ ሲል ስሙን የሰጠ ሰው» ብለሽ ጽፈሻል። ያን ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ።

የጻፍሽው እውነት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነግሬሻለሁና።

አባትሽ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት፤ እስከዚህ ልክ ነው። ያ ሰው አንቺ መሆንሽንም ነግሮኝ ነበር። ወደ ሜዳ የተመለስኩት ላስገባ ወስኜ ነው። ሁለት ቀላል ኳስ መጣ። ያዝኳቸው። የሚቀጥለውን እያልኩ ያዝኳቸው። ኢላሪዬ ኳስ መልሶ ሲሰጠኝም ባሳልፈው ይገባ ነበር፤ በእግሬ አቆምኩት። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ አባትሽ መስመሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ከማዕዘን ተመታ። ረጅሙ አጥቂያቸው በግንባሩ ወደ ግራዬ ላካት፤ ወደ ቋሚው ጥግ።

ሳቪና፣ ዘለልኩ። ባለኝ አቅም ሁሉ። በዚያች ቅጽበት አንቺን አላሰብኩም፤ አባትሽንም፤ ቃሌንም። ኳሷን ብቻ ነው ያየሁት፤ ላድናትም ፈለግሁ። የጣቴ ጫፍ ነካት። ቋሚውን መትታ ገባች። አሸነፈችኝ፣ በቃ።

ማክሰኞ ጠዋት አባትሽ ወዳረፍኩበት ክፍል መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እጄን ሳመው። ሽማግሌ ሰው እጄን ሳመው። «ልጄን አተረፍክልኝ» አለኝ። «ዘልዬ ነበር» ልለው አፌን ከፈትኩ። ብለው ኖሮ፣ ኳሷ አንድ ጣት ብትቀርበኝ አድኛት ልጁን አሳልፌ እሰጥበት እንደነበር ያውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ስድቡን እችለው ነበር፤ ከተማው ሲሰድበኝ ቢያንስ ስላመለጠችኝ ኳስ ነው። ያን ምስጋና ይዤ ግን እዚያ ቤት እሁድ እሁድ ሾርባ መብላት አልቻልኩም። የሄድኩት ለዚህ ነው። የአባትሽን ዝምታ ወቅሼ ጻፍኩልሽ፤ የራሴን ደበቅሁ።

ስለዚህ ጨዋታው አልተሸጠም። አባትሽ ሊሸጠው ፈለገ፤ እኔ ቃል ገባሁ፤ ማንም ግን አልሸጠውም። ቡድናችን በንጹሕ ጨዋታ ነው የተሸነፈው። ኢላሪዬ ይህን ሰምቶ መልሶ ሊሰድበኝ ከፈለገ ይስደበኝ።

ይህን ለማንም ባትነግሪ አይከፋኝም። ብትነግሪም አይከፋኝም። አሁን ኤፊሚያም አውቃለች።

ጋቭሪል


ቫሌያ ሳራታ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2004

ውድ ጋሽ ጋቭሪል፣ ወይዘሮ ኤፊሚያንም ጨምሮ

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ተቀይሜ ዋልኩ። አንድ ሰው ሕይወቱን ስለ እኔ እንደሰጠ ማመን ደስ ይል ነበር፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ያወቅሁት ሲወሰድብኝ ነው። በማግስቱ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት፤ ቅያሜውም ለቀቀኝ።

ለቲቲ ነገርኩት፤ ተሽሎታል። «በረኛ አይደል እንዴ? ምን ያድርግ?» አለ። ኢላሪዬ ግን መጠጥ ቤቱን በእኩለ ቀን ዘግቶ ሄደ፤ ሲመለስ አድራሻዎን ጠየቀኝ። ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደሚጽፍ አላውቅም፤ ጥሩ ጸሐፊ አይደለም።

ሜዳው ባለፈው እሁድ ያለ ስም ተመርቋል። ከአንድ የገበሬዎች ቡድን ጋር ተጫውተን ሦስት እኩል ወጣን። ሁለቱ ተጫዋቾቻችን ፖሊሶች ናቸው፤ አንደኛው በሁለተኛው አጋማሽ ለሥራ ተጠርቶ ሄደ።

የመጽሐፉን ያልተሸጡ ቅጂዎች ሰብስቤ ገጽ ሰማንያ አንድን አወጣሁ፤ በምትኩ አዲስ ገጽ አስጠርዤአለሁ። የአባቴ ልመና አለ፤ የእርስዎ እሺታ አለ፤ የእኔ ፋይልም አለ። ስለ ግቡ ግን ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ከማዕዘን ምት የመጣውን ኳስ የእንግዶቹ አጥቂ በግንባሩ ገጨ። ቦሽካ ወደ ግራው ዘለለ። ነካት፤ አላዳናትም።»

ሳቪና